ሊኑክስ ሲታደስ አሮጌው ከርነል ለምን ይቀመጣል?

የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ ጠራቢው የቆረጠውን መልሶ ሊተክል አይችልም። በዚያው በላስታ የሚገኘው ይምርሐነ ክርስቶስ ግን በዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ ተደርድረው የታነጸ ነው። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ሁለቱንም ይመስላል። ባለሙያዎች «ሞኖሊቲክ» ይሉታል፤ በግሪክኛ «የአንድ ድንጋይ» እንደማለት ነው። ፕሮፌሰር አንድሩ ታነንባውም በ1992 እ.ኤ.አ. ይህ አሠራር ጊዜው ያለፈበት ነው ብለው ያን ጊዜ ተማሪ የነበረውን ሊኑስ ቶርቫልድስን ሞግተውታል። ይሁንና የዛሬው ከርነል ሞጁል የተባሉ ክፍሎችን እየጨመረ ይሠራል።

ችግሩም የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ለአንዱ ስሪት የተዘጋጀ ሞጁል በተለምዶ ለሌላው አይሆንም። ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ግረብ የተባለው አስነሺ ፕሮግራም ከርነሉንና ኢኒትራምኤፍኤስ የተባለውን ጊዜያዊ የፋይሎች ጥቅል ወደ ማስታወሻው ይጭናል። ዲስኩን ለማንበብ የሚያስፈልገው ሞጁል ብዙ ጊዜ ያለው በዚህ ጥቅል ውስጥ ነው። እንግዲህ ጥቅሉ ተጽፎ ሳያልቅ መብራት ቢጠፋስ? አዲሱ ከርነል መነሳት ቢጀምርም ዲስኩን አያገኘውም፤ ሥራውም እዚያው ይቆማል።

ደቢያንና ኡቡንቱ ስለዚህ አዲሱን በአሮጌው ላይ አይደርቡም። የስሪቱ ቁጥር በፋይሉ ስም ውስጥ ስለሚገባ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አዲሱ እምቢ ቢል ከግረብ ዝርዝር አሮጌውን መርጦ መነሳትና የተቋረጠውን ተከላ ማስጨረስ ይቻላል።

ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል አሮጌውን የሚደመስሱ ተማሪዎች አሉ። መጠባበቂያ ባትሪ በሌለው የትምህርት ቤት ክፍል ይህ ድፍረት ነው። ቢያንስ አዲሱ አንድ ጊዜ በደኅና ተነስቶ ዩኔም የተባለው ትእዛዝ ስሪቱን እስኪያሳይ ድረስ እንዲቆዩ እንመክራለን።