የወጣቶች የመንፈስ ጭንቀት፦ ማግኔቱና የንግግር ሕክምናው

የመንፈስ ጭንቀት የያዘው ወጣት ብዙ ጊዜ ሰነፍ ወይም ኩሩ ይባላል። ትምህርቱን ይተዋል፤ ከወዳጆቹ ይርቃል፤ ሲጠይቁትም ዝም ይላል። የደረሰበት ግፍ ወይም በዓይኑ ያየው ሞት ሲታከልበት ዝምታው ይጸናል። ታዲያ በንግግር የሚሰጥ ሕክምና መናገር ያቃተውን ልጅ እንዴት ይረዳዋል? በዚህ ጥናታችን ይህን እንመረምራለን።

ንግግሩ ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ይፋ በሆነ ጥናት 439 ታዳጊዎች ተሳትፈው ነበር። ፍሉኦክሰቲን የተባለውን መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 61 ከመቶ ያህሉ ሲሻሻሉ፣ መድኃኒቱን ከንግግር ሕክምና ጋር ካገኙት ግን 71 ከመቶ ተሻሽለዋል። ሆኖም በሁለቱም የማይድኑ አሉ፤ ማግኔቱ የታሰበው በተለይ ለእነዚህ ነው።

ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1985 አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር፣ በሼፊልድ አሳዩ። የሽቦ ጥቅል በራስ ላይ ይደረጋል፤ በሽቦው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ የሚፈጥረው የማግኔት ኃይል አጥንቱን አልፎ የአንጎልን ገጽ ይቀሰቅሳል። ስሙን ሰምተው የሚደነግጡ አሉ፤ ነገር ግን ይህ ማደንዘዣ ከሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና የተለየ ነው። ታካሚው ነቅቶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይታከማል።

ሁለቱን የማጣመሩ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ የተቀሰቀሰ አንጎል አዲስ ነገር ለመማር ይበልጥ ዝግጁ ይሆናል፤ ስለዚህ ቁስሉን በቃል የመግለጡ ሥራ ወዲያው ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ ከጦርነት የተመለሱ 103 አሜሪካውያን ተፈትነው፣ ከእያንዳንዱ ውይይት በፊት እውነተኛውን ማግኔት ያገኙት የማስመሰያውን ካገኙት ይልቅ ተሽሏቸዋል።

እነዚያ ግን አዋቂዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ በሆነና ሌሎች 103 ወጣቶች በተሳተፉበት ፈተና፣ ማግኔቱ ብቻውን ሲሰጥ ከማስመሰያው ጉልህ ብልጫ አላሳየም፤ 41.7 ከመቶ ለ36.4 ነበር። ይሁን እንጂ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2024 ከ15 እስከ 21 ዓመት ላሉ ወጣቶች አንዱን መሣሪያ ፈቀደ፤ የፈቀደውም ለሌላ ሕክምና ተጨማሪ እንዲሆን ነው። «ተጨማሪ» የሚለውን ቃል ወላጆች ልብ እንዲሉት እንሻለን። ማሽኑን ብቻ አስይዞ ልጁን ወደ ዝምታው የሚመልስ ሕክምና ጎዶሎ ይመስለናል።

ራስ ምታት በብዛት ይታያል፤ የሚጥል ሕመም ግን እምብዛም አይከሰትም። በራሱ ውስጥ ብረት ያለበት ወይም ቀድሞ የሚጥለው ልጅ ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። ራሱን ስለ ማጥፋት የሚናገር ልጅ ደግሞ ሳምንታት የሚፈጀውን ሕክምና ሳይጠብቅ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ይወሰድ።