ሽጉጥ አይሸጎጥም

እሁድ ከሰዓት፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ወጣቱ ከወረቀት ከረጢት ውስጥ ጥቁር የጨርቅ ዕቃ አውጥቶ ረከቦቱ አጠገብ አኖረ። በአጎቱ ግሮሰሪ የሌሊት ተረኛ ነው፤ ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃዱን ከፍርድ ቤት ከተቀበለ ወር አልሞላውም።

«ጋሼ፣ ሆልስተር ገዛሁ። 20 ዶላር ብቻ። ለማንኛውም ሽጉጥ ይሆናል አሉኝ።»

«ሽጉጡስ?»

«ቤት ነው፤ ካዝና ውስጥ ቆልፌበታለሁ።»

«ጎሽ!»

ሽማግሌው ዕቃውን አገላብጠው አዩት። ከጃንሆይ ጦር ሠራዊት ተነስተው፣ በስደት አልፈው፣ በዋሽንግተን የሕንፃ ጥበቃ ሆነው ጡረታ ወጥተዋል። ስለዚያ ሁሉ ዘመን ቢጠየቁ ከዚህ የረዘመ መልስ አይሰጡም። ስለ ሽጉጥ አፎት ግን ብዙ የሚሉት አላቸው።

«ጥፋቱ ከስሙ ይጀምራል» አሉ። «ለጎራዴ አፎት ነበረን። ይሄኛው ሲመጣ ግን ወገባችን ላይ ሸጎጥነውና ሽጉጥ አልነው።»

«ቢሸጎጥ ምን ይሆናል?»

«ፕላክሲኮ በረስን ታውቀዋለህ?»

«የኒው ዮርክ ጃያንትሱን ፉትቦል ተጫዋች?»

«እሱን። እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ የሱፐር ቦውሉን የማሸነፊያ ኳስ ጨብጦ አገር ምድሩ አጨበጨበለት። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ግሎኩን ያለ አፎት ወገቡ ላይ ሸጉጦ ማንሃተን ውስጥ አንድ የምሽት ክበብ ገባ። ሽጉጡ በሱሪው ውስጥ ቁልቁል ተንሸራተተ። ሊቀልበው ሲል ምላጩን ነካውና የገዛ ጭኑን መታ።»

«የታሰረው ግን ያለ ፈቃድ በመያዙ ነው እኮ፣ ጋሼ። ሁለት ዓመት የተፈረደበት በዚያ ነው።»

«አውቃለሁ! የፍሎሪዳ ፈቃዱ ጊዜው አልፎበታል፤ የኒው ዮርክ ደግሞ ጭራሹን አልነበረውም። አንተም በዚህ በቨርጂኒያ ፈቃድህ የፖቶማክን ድልድይ ተሻግረህ ዋሽንግተን ወይም ሜሪላንድ ብትገባ አይቀበሉህም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ፈቃድ ቢኖረው ኖሮ ጭኑ ይተርፍ ነበር?»

መልስ አልጠበቁም። ዋያት ኧርፕን አነሱ፤ ያንን የፊልሙን ሕግ አስከባሪ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1876 በዊቺታ፣ ካንሳስ፣ ፖሊስ ሳለ፣ መጠጥ ቤት ጓዳ ተቀምጦ ሲጫወት ሽጉጡ ከአፎቱ ሾልኮ ወደቀና ባረቀ። ጥይቱ ኮቱን በስቶ በጣራው ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ዴንቨር ውስጥ አንድ የኤፍ ቢ አይ ባልደረባ እየጨፈረ ወደ ኋላ ሲገለበጥ ሽጉጡ ከወገቡ ወደቀ። ሊያነሳው ሲል ተኮሰና በአካባቢው የነበረ ሰው እግር ላይ አሳረፈው።

«ልዩነቱን ልብ በል። የኧርፕ ሽጉጥ የባረቀው ሲወድቅ ነው። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ሲወድቁ እንዳይባርቁ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። የዴንቨሩን ያስተኮሰው መሬቱ ሳይሆን ጣት ነው። ከእጅህ ካመለጠህ ይውደቅ፤ አትቀልበው።»

ከዚህ በኋላ ወጣቱ ተረሳ። ቡናውም ቀዘቀዘ።

እንደ ሽማግሌው አባባል አፎት ከመደበቂያነቱ በፊት የምላጭ ጠባቂ ነው። ግሎክን የመሰሉ ሽጉጦች በአውራ ጣት የሚቆለፍ መጠበቂያ የላቸውም፤ መጠበቂያው ምላጩ ላይ ራሱ ነው። ምላጩን የሚስብ ነገር ሁሉ፣ የጃኬት ገመድም ይሁን የሸሚዝ ጫፍ፣ ሊያስተኩሰው ይችላል። ስለዚህ አፎቱ የምላጩን ቀለበት ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት፤ ከውጭ ሲጫኑትም ምላጩ መነካት የለበትም። አፉም ባዶ ሲሆን መኮማተር የለበትም። ያረጀ ቆዳ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ሽጉጡ ሲመለስ ምላጩን እንደ ጣት ሊገፋው ይችላል።

ለዚህ ነው ብዙዎች ካይዴክስ የሚመርጡት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለአውሮፕላን የውስጥ ክፍል የተሠራ ፕላስቲክ ነው፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ በአንድ ዓይነት ሽጉጥ ልክ ይቀረጻል፣ ሲበርድ ይጠነክራል። ሽጉጡ ሲገባ ቀጭ ይላል። ሲገዙ መፈተኛውም ቀላል ነው፤ ጥይት የሌለበትን ሽጉጥ አስገብቶ፣ አልጋ ላይ ዘቅዝቆ ማራገፍ። ካልወደቀ ያዘ ማለት ነው። ቀበቶው ደንዳና ካልሆነ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው።

«ሻጩ እኮ ይሄ ይበቃሃል አለኝ» አለ ወጣቱ።

ይህን ባይል ይሻለው ነበር።

«ሻጭ!» ሽማግሌው ስኒውን አስቀመጡ። «የጥበቃ ሥራ ስጀምር እኔም ከሻጭ እንዲህ ያለ ጨርቅ ገዛሁ። የተኩስ ልምምድ ላይ ‹አውጣ!› ሲባል ስስበው ሽጉጡ ከነአፎቱ ተነቅሎ መጣ! ልጆቼ በሚሆኑ ጎረምሶች ፊት አሠልጣኙ ከመስመር አስወጣኝ። ዕቃውን ልመልስ ስሄድ ሻጩ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ችግሩ ከወገብህ ነው!› ወገቤ! በጃንሆይ ጊዜ ዝናር የተሸከመ ወገብ! ሥራ አስኪያጁን ጥራልኝ አልኩት፤ የለም አለኝ። በማግስቱ ተመለስኩ፤ አሁንም የለም። ሦስተኛ ቀን...»

ወጣቱ በታሪኩ መካከል ጨርቁን አነሳ። አፉን በሁለት ጣት ሲጫነው እንደ ካልሲ ተጣበቀ። በጎኑ ሲጫነው አውራ ጣቱ ሰመጠ። ከረጢቱን በርብሮ ደረሰኙን አገኘ።

«እስከ ማክሰኞ መመለስ ይቻላል ይላል።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ደረሰኙን ተቀበሉት። ከላይ የታተመውን የሱቁን ስም ሁለት ጊዜ አነበቡ።

«አሁንም አልተዘጋም?» አሉና ኮታቸው የት እንዳለ ጠየቁ።