ስለ «ፒክ አፕ» እና ስለ «ለቀመ»

እንደሚታወቀው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አብዛኛውን ትምህርት የምንቀበለው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል የሳተ ተማሪ ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ባዮሎጂውንም ታሪኩንም ሊስት ይችላል። ከአሳሳቾቹ ቃላት አንዱን መርጬ፥ በጌዴኦ ምድር ሁላችን በምናውቀው በቡና ሥራ ላስረዳ እወዳለሁ።

አማርኛ «ለቀመ» በሚለው በአንድ ግሥ ሦስት ሥራ ይገልጻል። ቀይ እሸት ቡና ከዛፍ ላይ ይለቀማል፤ ከዛፉ ሥር የወደቀው ፍሬም ይለቀማል፤ ከተፈለፈለው ቡና መካከል የተሰበረውና የጠቆረውም ይለቀማል። እንግሊዝኛ ግን ሦስቱን ይለያል። የመጀመሪያው «ፒክ»፥ ሁለተኛው «ፒክ አፕ»፥ ሦስተኛው «ፒክ አውት» ይባላል። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ከመሬት የተነሣ ፍሬ ከቀይ እሸት ጋር ቢደባለቅ የቡናው ጣዕም ይበላሻልና፥ ገዢው «ፒክ» ብሎ የጻፈውን «ፒክ አፕ» ብሎ የተረዳ ሰው የዓመት ድካሙን በርካሽ ይሸጣል።

«ፒክ አፕ» ከዚህ ሌላ የሚከተሉት ትርጉሞች አሉት።

1ኛ፤ ሰውን ካለበት ሄዶ መውሰድ። አባት ልጁን ከዲላ መናኸሪያ በባጃጅ ሲወስድ በዚህ ቃል ይነገራል።

2ኛ፤ ያለ መምህር በመስማት ብቻ መልመድ። በዲላ ገበያ ጌዴኦኛ የሰማ ነጋዴ ቀስ በቀስ ቋንቋውን «ፒክ አፕ» ያደርጋል።

3ኛ፤ ከመቀዝቀዝ በኋላ መነቃቃት። ቡና ሲደርስ ገበያው እንደሚደራ ማለት ነው።

ስለ አገባቡም አንድ ነገር ልጨምር። «እሱን» ወይም «እሷን» የመሰለ ተውላጠ ስም ሲገባ ቦታው በሁለቱ ቃላት መካከል ነው፤ «ፒክ ኢት አፕ» ይባላል እንጂ «ፒክ አፕ ኢት» አይባልም።

እንዲህ ያለው አነጋገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ጠላት እጅ ሰጠ» ስንል መሸነፉን እንጂ እጁን ማበርከቱን አንናገርም። የባዕድ አገር ሰው «እጅ»ን እና «ሰጠ»ን ለየብቻ ቢያጠና ትርጉሙን አያገኘውም፤ እኛም «ፒክ»ን እና «አፕ»ን ነጣጥለን ብናጠና እንደዚሁ ነው።

ስለሆነም፥ ጓደኞቼ ሆይ፥ ግሡን ከነተከታዩ፥ ከነሙሉ ዓረፍተ ነገሩ በደብተራችን እንጻፍ። በፈተና ቀን የሚያድነን የቃላት ብዛት ሳይሆን የቃላትን ጉርብትና ማወቅ ነውና።