ስለ ዐውሎ ነፋስና ስለ ኢዮብ ወዳጆች

በመጽሐፈ ኢዮብ መጀመሪያ እንደምናነበው፥ ከምድረ በዳ የመጣ ታላቅ ነፋስ ቤቱን በአራቱ ማዕዘን መትቶ በጣለው ጊዜ ዐሥሩ የኢዮብ ልጆች በአንድነት ሞቱ። ሊያጽናኑት የመጡት ሦስቱ ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት በምድር ላይ ተቀመጡ፤ ይህም መልካም ነበረ። አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ግን መከራው ስለ ኃጢአቱ እንደ መጣበት ያስረዱት ጀመር። በመጽሐፉም ፍጻሜ እግዚአብሔር የተቈጣው በእነርሱ ላይ ነው።

ይህን ማንሣታችን ነፋስ ቤት ባፈረሰ ቍጥር የሟቹን ኃጢአት የሚቈጥር ሰው በየዘመኑ ስለማይታጣ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ አገር በመጋቢት 9 ቀን 1917 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1925) በገበሬዎች ላይ የደረሰውን እንመልከት።

ቶርኔዶ የሚባለው ዐውሎ ነፋስ፥ በበጋ በአውድማችን ላይ ገለባ እያዞረ ከሚያልፈው፥ አንዳንዱም ሰው ከሚያማትብበት አዙሪት ጋር አንድ አይደለም። የእኛው ፀሐይ ካጋለው መሬት ይነሣል፤ ያኛው ግን ከነጐድጓድ ደመና ወደ ምድር ይወርዳል። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ሞቃትና እርጥብ አየር ከቀዝቃዛውና ከደረቁ አየር ጋር በሚገናኝበት አገር በተለይ ይበዛል።

በዚያ ቀን ከ7 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ከሚዙሪ ተነሥቶ፥ ኢሊኖይን አቋርጦ እስከ ኢንዲያና ድረስ 350 ኪሎ ሜትር የሚያህል ምድር በሦስት ሰዓት ተኩል ጠረገ። 695 ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህም 234ቱ መርፊስቦሮ በምትባል ከተማ፥ 33ቱ ደግሞ በዴሶቶ ትምህርት ቤት የነበሩ ልጆች ናቸው። በግሪፊንና በፕሪንስተን መካከል 85 ያህል የእርሻ ቦታዎች ጠፉ። የሰማዩን ጠባይ ለይተው የሚያውቁ ገበሬዎች እንኳ ተታለሉ፤ ያዩት ከላይ ሰፍቶ ከታች የሚጠበውን የታወቀ ዐምድ ሳይሆን የሚንከባለል ጭጋግ የመሰለ ደመና ነበረና። ከዚህም በላይ የአገሩ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ሕዝቡ እንዳይሸበር በማለት ቶርኔዶ የሚለው ቃል በማስታወቂያው እንዳይጻፍ ከልክሎ ነበር። ክልከላው ፈጽሞ የተነሣው በ1950 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ በራዳር እየታየ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።

እንግዲህ እነዚያ ልጆች በሌላ መንደር ካሉት ልጆች ይልቅ ኃጢአተኞች ነበሩን? ጌታችን የሰሊሆም ግንብ ስለ ወደቀባቸው 18 ሰዎች ይህንኑ ጠይቆ፥ አይደለም ሲል መልሷል (ሉቃ. 13፥4-5)። ንስሓንም ያዘዘው ለሟቾቹ ሳይሆን ቆመው ለሚሰሙት ነው። ምንም እንኳ በዚያ ዘመን የነፋሱን መምጣት አስቀድሞ ማወቅ ቢያስቸግር፥ በእኛ አስተያየት የሚመረመር በደል ካለ ማስጠንቀቂያን በፍርሃት መከልከል ነው፤ የሞቱት ሰዎች ኑሮ አይደለም።

ወደ እንዲህ ያለ ሐዘን ቤት የሚገባ ካህን ከኢዮብ ወዳጆች የመጀመሪያውን ሰባት ቀን ብቻ ይውሰድ። ከዚያ በኋላ ሥራ አለ። ነፋሱ ያፈረሰው ቤት ምስማሩ፥ ቈርቈሮው፥ መስተዋቱና ሽቦው በእርሻው ላይ ይበተናል። ምስማር ከሣር ጋር የዋጠች ላም ሆድ ዕቃዋ ተወግቶ ትሞታለች፤ ማረሻም ቢገባ ይሰበራል። ይህን ሁሉ በእጅ መልቀም ያስፈልጋል፤ ሐዘን የተቀመጠ ቤተ ሰብም ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ የአጥቢያው ሰዎች ካህናቱን ጨምረው፥ ጆንያ ይዘው፥ ጐን ለጐን ተሰልፈው ከዳር እስከ ዳር ማሳውን ሊሄዱበት ይገባል። እስኪጠራ ድረስ የተረፉት ከብቶች በጎረቤት መስክ ይሰማሩ።