ስለ አዳሪ ተማሪዎች አጠባበቅና አመረማመር

ልጁን ወደ አዳሪ ተማሪ ቤት የሚሰድ ወላጅ የአብራኩን ክፋይ በአደራ ያስቀምጣል። ገንዘብ ቢጐድል ይተካል፤ የልጅ ጤናና የልጅ ልብ ግን አንድ ጊዜ ከተሰበረ በቀላሉ አይጠገንም። ስለዚህ አዳሪ ተማሪ ቤት መመርመሩ ተማሪው ፊደል መለየቱንና ቍጥር ማወቁን ለመፈተን ብቻ አይደለም፤ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር፥ ምን እንደሚበላ፥ ሲታመም ማን እንደሚያስታምመው፥ ሲበደልም ለማን እንደሚናገር ለማወቅ ነው።

ከወላጅ ቤት ርቆ መማር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በመምህሩ ደጅ ጎጆ ቀልሶ ሲማር ኖሯል። ከ1917 ዓ.ም. ወዲህም እንደ ተፈሪ መኰንን ባሉ ተማሪ ቤቶች ብዙዎች አዳሪ ሆነው ተምረዋል። በቆሎ ተማሪ ኑሮ ታላቁ ታናሹን ማስጠናቱና መጠበቁ መልካም ነው፤ ነገር ግን መጨናነቅና የልብስ እጥረት ቅማልን ያበዛሉ፤ ቅማልም እየተወ የሚያገረሸውን ትኩሳት ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፋል። መልካሙን ይዞ ክፉውን ማስወገድ ይገባል።

ምርመራ ሲጐድል የሚመጣውን ጥፋት የጎረቤታችን የኬንያ ታሪክ ያሳያል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በማቻኮስ አውራጃ፥ በኪያንጉሊ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት፥ ሌሊት በመኝታ ቤት እሳት ተነሥቶ 67 ወንዶች ልጆች ሞቱ። መስኮቶቹ በብረት የታጠሩ ነበሩ፤ ከሁለቱ በሮችም አንደኛው ተቈልፎ ነበር። የአገሩ ትምህርት ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የመኝታ ቤት በር ወደ ውጭ የሚከፈት፥ መስኮቱ ብረት የሌለበት፥ በአልጋና በአልጋ መካከል ያለው ስፍራ ከ1.2 ሜትር የማያንስ እንዲሆን አዘዘ። ሆኖም በ2024 ዓ.ም. በኒዬሪ አውራጃ የአንድ ሌላ ተማሪ ቤት መኝታ ተቃጥሎ 21 ልጆች ሞቱ። መመሪያ መጻፍ ብቻውን ልጅን አያድንም፤ እየዞረ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል።

እንግዲህ መርማሪው የሚከተሉትን በየተራ ይመልከት።

1ኛ፤ ስለ መኝታ። አስቀድሞ አልጋውን፥ ቀጥሎም ተማሪዎቹን ይቍጠር። ቍጥሩ ካልተስማማ በአንድ አልጋ ሁለት እንደሚተኙ ይወቅ። በሩ ሌሊት ከውስጥ የሚከፈት መሆኑን በገዛ እጁ ይሞክር። የሸሚዙንም ስፌት ገልጦ ይይ፤ የልብስ ቅማል የሚኖረውና እንቁላሉን የሚጥለው በስፌት ውስጥ ነውና። ልብሱን በፈላ ውኃ መቀቀል ይገድለዋል። እከክ የያዘው ልጅ ቢገኝ እርሱን ብቻ ማከም አይበቃም፤ በሽታው መጀመሪያ ሲይዝ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ሳያሳክክ ሊቈይ ይችላልና፥ አብረውት የሚተኙት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታከሙ።

2ኛ፤ ስለ ውኃና ስለ ምግብ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዳሪ በቀን 20 ሊትር ውኃ፥ ለ25 ሴቶች ልጆች አንድ መጸዳጃ፥ ለ50 ወንዶች ልጆችም አንድ መጸዳጃና አንድ የሽንት መሽኛ ይገባል ብሎ መድቧል። የሚጠጣው ውኃ ቢፈላ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይቈይ፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ባለ ደጋ ግን ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ይቈይ። ምግቡን በሚመለከት፥ መርማሪው ለእንግዳ ከተዘጋጀው ገበታ ሳይሆን ከልጆቹ ድስት ይቅመስ፤ የተገዛውንም እህል ከመዝገቡ ጋር ያመሳክር።

3ኛ፤ ስለ ሕመም። የሕሙማን መዝገብ ባዶ ሆኖ ቢገኝ ልጆቹ ሁሉ ጤነኞች ናቸው ብሎ አይደሰት፤ የሚጽፍ ሰው አለመኖሩን ይጠርጥር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደ ተባለ፥ ልጅም ቅጣትን ወይም መሳለቂያ መሆንን ሲፈራ ሕመሙን ይሸሽጋል።

4ኛ፤ ስለ ቅጣት። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ በአካላቸው ከሚፈጸም ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። ስለዚህ አለንጋ የተማሪ ቤት ዕቃ አይደለም። ልጅን ምግብ መከልከልም ሆነ ሌሊት በብርድ ማቆም ትምህርት ሳይሆን ጭካኔ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ልጁን ማናገር ነው። ዳይሬክተሩ በቆመበት ስፍራ ልጅ ሁሉ «ደኅና ነን» ይላል። መርማሪው ልጁን ሌሎች በሚያዩት ግን በማይሰሙት ቦታ ያስቀምጠው፤ «ማን በደለህ?» ብሎ አይጀምር፤ «ከማታ ራት ጀምሮ እስከ ንጋት ያለውን ንገረኝ» ይበለው። ሴቶችን ልጆች ሴት ትጠይቅ። የተናገረው ልጅ ስም ለተማሪ ቤቱ ሰዎች አይገለጥ፤ አለዚያ መርማሪው በሄደ ማግሥት ልጁ መከራ ያያል፤ ሁለተኛም የሚናገር አይገኝም።

መርማሪ ቀኑን አስታውቆ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የሚያየው የተጠረገውን ግቢ ነው፤ ሳያስታውቅ፥ አንዳንድ ጊዜም በማታ ይምጣ። ያገኘውን ጕድለት፥ የሚታረምበትን ቀንና ኃላፊውን ጽፎ ይስጥ፤ ቀኑም ሲደርስ ተመልሶ ይይ። በሕይወት ላይ የሚያሰጋ ነገር፥ ለምሳሌ የተቈለፈ በር፥ ቀን አይቀጠርለትም፤ በዚያው ሰዓት ይከፈት።

የአገር ሽማግሎችም ይህን የመርማሪ ሥራ ብቻ ነው ብለው አይተዉት። መርማሪ በዓመት ጥቂት ቀን ይመጣል፤ እነርሱ ግን በየሳምንቱ በተማሪ ቤቱ ደጅ ያልፋሉ። ገብተው ልጆቹን በየስማቸው ቢጠሩ፥ የከሳውንና የተከዘውንም ቢጠይቁ፥ ወላጅ የጣለባቸውን አደራ ይወጣሉ።