የጣሪያ ላይ ፀሐይ፦ ለገጠራችን ምን ትምህርት እንቀስማለን?

በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን የምንማር ኢትዮጵያውያን በጣሪያ ላይ የተነጠፈ የፀሐይ ሰሌዳ (ሶላር) አዲሳችን አይደለም። በዱባይ እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው «ሸምስ ዱባይ» የተባለው ዕቅድ፣ ባለቤቱ በጣሪያው የሚያመነጨውን ኃይል ከከተማው መስመር ጋር እንዲያገናኝ ፈቅዷል። ትርፉ ወደ መስመሩ ገብቶ ከሒሳቡ ይቀነስለታል፤ ሲመሽ ከመስመሩ ይወስዳል። ስለዚህ ባትሪ የግድ አያሻውም።

ይህን አሠራር እንዳለ ገልብጦ ወደ ገጠራችን መውሰድ ይቻላልን? አይቻልም። መስመር ባልደረሰበት መንደር የሌሊቱ ተስፋ ባትሪ ነው። ባለ 10 ዋት ሰሌዳ በ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ 50 ዋት-ሰዓት ያህል ይሰጣል። ባለ 2 ዋት 4 አምፖሎች 5 ሰዓት ቢበሩ 40 ይፈጃሉ፤ የቀረው በሽቦና በባትሪ ይባክናል። ባትሪው የደከመ ዕለት ግን ሰሌዳው ደህና ሆኖ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ኩራዝ ይመለሳል።

በሰሜን ሸዋ የምትገኘው ሬማ መልካም ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሽደን ሽልማት ያገኘው የሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን በሬማና በአካባቢዋ የፀሐይ መብራት ሲተክል፣ ተጠቃሚው ለጥገና በየወሩ እንዲከፍል አደረገ፤ ባለሙያዎችንም እዚያው አሠለጠነ።

ከዚህ የምንረዳው፣ ሰሌዳን ገንዘብ ቢገዛውም መብራቱን የሚያቆየው የጥገና መዋጮና የሠለጠነ እጅ መሆኑን ነው። እንግዲህ ከመካከላችን ምሕንድስና የሚያጠናው የባትሪ ጥገናን፣ ሒሳብ አያያዝ የሚያጠናው የመንደር መዋጮ አያያዝን ይማር። ወደ አገር ስንገባ ሰሌዳ ብቻ ተሸክመን አንግባ።