የውሻ ማሳከክ ከምግብ መምጣቱ እንዴት እንደሚታወቅ

ውሻ ቤትንና መንጋን የሚጠብቅ ታማኝ እንስሳ ነው። ነገር ግን ክረምት ከበጋ ሳይል ጆሮውን፤ እግሩንና ሆዱን ሲያክክ ቢታይ፤ ብዙ ሰው መድኃኒት የሌለው መስሎት ያባርረዋል ወይም ይገድለዋል። ይህ ስሕተት ነው፤ ሕመሙ አንዳንድ ጊዜ የሚመጣው ካልተስማማው ምግብ ነውና።

አስቀድሞ ቁንጫና እከክ እንዳለበት ተመርምሮ ይታከም። የደም ምርመራ ለዚህ ነገር የታመነ ማስረጃ አይሰጥም፤ እውነቱ የሚገኘው በምግብ ፈተና ነው። ውሻው ቀምሶት የማያውቀው ምግብ፤ ለምሳሌ አጥንቱ የወጣለት ዓሣ ከድንች ጋራ፤ ያለ ቅመምና ያለ ቅቤ ተቀቅሎ 8 ሳምንት ይሰጠው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ዓመት የወጣ ጥናት እንደሚያስረዳው፤ ምግብ ካሳመማቸው ውሾች በ5 ሳምንት ከመቶ 80 የሚበልጡት፤ በ8 ሳምንት ከመቶ 90 የሚበልጡት ይሻላቸዋል። በዚህ ጊዜ ልጅ ወይም እንግዳ የሚጥልለት አንድ አጥንት ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

መሻሉ ብቻ ግን አይበቃም። የቀድሞ ምግቡ ተመልሶ ሲሰጠው በ2 ሳምንት ውስጥ ማሳከኩ ቢያገረሽ፤ ምክንያቱ ምግብ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ባያገረሽ ሌላ ምክንያት ይፈለግ። ከዚያም ብዙ ጊዜ የሚያሳምሙት የበሬ ሥጋ፤ ወተት፤ ዶሮና ስንዴ አንድ በአንድ ይሞከሩ። የየወረዳው ሹም ይህን ለባለ ከብቱ ሁሉ ቢያስረዳ፤ ብዙ መልካም ጠባቂ ከሞት ይተርፋል።